ገጹ ሳይነቃነቅ

ለገሃር የፎርም ሰፈር ነው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ፣ ብሔራዊ ቴአትርን አልፎ እስከ ዋናው ፖስታ ቤት ያለው መንገድ ሰው ስሙን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር ሲጽፍ የኖረበት ነው፤ ለመድን፣ ለስልክ መስመር፣ ለፖስታ ሣጥን፣ ለሥራ ቅጥር። የወረቀቱ ፎርም ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ብዙው ግን ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ፎቶ ኮፒ ቤቱም ከማባዛትና ከመጠረዝ ሌላ "ፎርም እንሞላለን" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል። የአሜሪካው የዲቪ ዕጣ የተከፈተ እንደሆነ ደግሞ ወረፋው ከበሩ ይወጣል።

አንድ ወጣት ከደንበኛው አጠገብ ተቀምጦ ፎርም ሲሞላ ከኋላው ቆሞ ያየ ሰው ፎርም ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ቶሎ ይገባዋል። አንዱን "ላክ" ብሎ ሲጫነው ገጹ ነጭ ይሆናል። ክቡ ይዞራል፤ ኔትወርኩ ያመነታል፤ ገጹ ተመልሶ ሲመጣ ከላይ በቀይ "የስልክ ቁጥር ትክክል አይደለም" ይላል። የተሞላው ግን የለም። ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀን ባዶ ሆነው ይጠብቃሉ። ደንበኛው ወደ ኪሱ የመለሰውን መታወቂያ እንደገና ያወጣል። በሌላው ፎርም ላይ ያው ስህተት ሲፈጠር ገጹ ንቅንቅ አይልም። ከስልክ ቁጥሩ ሥር ብቻ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ የቀረው ሁሉ እንደተጻፈ ነው። ቁጥሩ ይታረማል፣ በተኑ ይጫናል፣ "ማመልከቻዎ ገብቷል" የሚል ቃል ከነመለያ ቁጥሩ ይወጣል። ደንበኛው ከፍሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ፎርም ነው የምጽፈው። የባቡር ጣቢያው ሕንፃ በ1929 (እ.ኤ.አ.) ሲመረቅ ድንጋዩም ቅስቱም ለመንገደኛ ሁሉ የሚታይ ነበር፤ ዛሬም ባቡር ባይገባበት እንኳ ቆም ብሎ የሚያየው አያጣም። የፎርም ሠሪ ሥራ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ሲሳካ ምንም የተደረገ አይመስልም። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ይመስለኛል።

የድረ ገጽ ፎርም ከመነሻው ገጽ ሳይቀይር መላክ አያውቅም ነበር። በ1995 የወጣው ሁለተኛው የኤችቲኤምኤል ደንብ ፎርምን በይፋ ሲያካትት (ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አካሄዱ ቀላል ነበር። ብራውዘሩ የተሞላውን ሰብስቦ ለሰርቨሩ ይልካል፤ ሰርቨሩ አዲስ ገጽ ይመልሳል፤ አሮጌው ገጽ ይጣላል። አንዲት አሃዝ ለማረምም ሙሉ ማመልከቻ ለማስገባትም መንገዱ ያው ነው። የቢሮ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው አንዲት ፊርማ ስለጎደለች ብቻ ወረቀቱን ቀዶ "አዲስ ፎርም ገዝተህ ከሰልፉ ጫፍ ጀምር" ቢል እንደማለት ነው።

ይህን የለወጡት ማይክሮሶፍት ውስጥ አውትሉክ ዌብ አክሰስን፣ ማለትም ኢሜይልን በብራውዘር ማንበቢያውን፣ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ገጹ ሁሉ እየጠፋ መምጣቱ ስላላዋጣቸው፣ ገጹ እንደቆመ ከበስተጀርባ ሰርቨሩን የሚያነጋግር ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው በማርች 1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ወጣ፤ ለዓመታትም ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በ2004 ጂሜይል፣ በ2005 መጀመሪያ ጉግል ማፕስ ሲመጡ ሰው ሁሉ አየው፤ ካርታውን ወደ ጎን ሲስቡት ገጹ ሳይጠፋ ቀጣዩ ሰፈር ይከተላል። በፌብሩዋሪ 2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ የንድፍ ባለሙያ በጻፈው ጽሑፍ ለአሠራሩ "ኤጃክስ" የሚል ስም አወጣለት። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ብራውዘሮች "ፌች" የሚባል ቀለል ያለ ትእዛዝ ስላላቸው፣ ፎርምን ከበስተጀርባ መላክ ለጀማሪም የአሥር መስመር ኮድ ሆኗል።

ያው 1999 ለእኛ ሌላም ነገር አምጥቷል። በሴፕቴምበር የወጣው የኮምፒውተር ፊደላት ደንብ፣ ዩኒኮድ 3.0፣ የግዕዝን ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ አካተተ። ገጽ ሳይቀይሩ መላኪያውና ስማችንን በፊደላችን መጻፊያው በአንድ ዓመት ተገኙ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ፎርም ላይ አስማምቶ ማኖር ግን እስከ ዛሬ የሠሪውን እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አሥሩ መስመር ኮድ የሚበቃው ሁሉ ሲሰምር ነው። ገጽ በሚቀየርበት በአሮጌው አካሄድ ብራውዘሩ ማንም ሳያዘው የሚሠራቸው ነገሮች ነበሩ። እየጠበቀ መሆኑን ያሳያል። መስመር ሲቋረጥ "ገጹ አልተገኘም" ብሎ ይናገራል። ዓይነ ስውር ለሆነ ሰው ደግሞ ገጹን በድምፅ የሚያነብለት ሶፍትዌር አዲሱ ገጽ ሲመጣ ከላይ ጀምሮ ያነብለታል። ፎርሙ ከበስተጀርባ ሲላክ ይህ ሁሉ ይቀራል። መስመሩ ቢበጠስ ብራውዘሩ ለሰውየው ትንፍሽ አይልም። ብራውዘሩን ዝም ያሰኘ ሰው የብራውዘሩን ዕዳ ይረከባል። የዚህ ሙያ ጥራት የሚለካው ሠሪው ያን ዕዳ ሳያጎድል መክፈሉን በማየት ነው።

ከበተኑ እንጀምር። ጥሩ ፎርም ላይ "ላክ" የሚለው እንደተጫነ ቃሉ "እየተላከ ነው" ይሆናል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሁለተኛ ቢነኩት አይሰማም። ስፋቱ ግን አይለወጥም። "ላክ" ሁለት ፊደል፣ "እየተላከ ነው" ሰባት ፊደል ነው። በተኑ ከቃሉ ጋር ቢለጠጥ አጠገቡ ያለውን "ሰርዝ" ገፍቶ ከቦታው ያናጋዋል፤ በችኮላ ሁለቴ የሚነካ ሰው ያን ሁሉ ልፋቱን በገዛ እጁ ሊሰርዝ ይችላል። አስተዋይ ሠሪ በተኑን ከመጀመሪያው ለረጅሙ ቃል በሚበቃ ስፋት ያበጀዋል። ማንም አያመሰግነውም፤ ማንም ግን "ሰርዝ"ን ሳያስበው አይነካም።

ስህተት ሲኖር ጽሑፉ ከተሳሳተው ቦታ ሥር ይወጣል፤ የሚናገረውም ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው። "ትክክል አይደለም" ማለት ወቀሳ ነው፤ "አንድ አሃዝ ይጎድላል" ማለት እርዳታ ነው። ጠቋሚው በራሱ ወደዚያ ቦታ ይሄዳል። ያ መስመር ለአንባቢው ሶፍትዌርም ምልክት ስለተደረገበት ማየት ለማይችል ሰው ወዲያው በድምፅ ይነበባል። የስልክ ቁጥር መቀበያው ደግሞ ልበ ሰፊ ነው፤ በ09 ቢጀምር፣ በ251 ቢጀምር፣ መሃል ላይ ክፍተት ቢኖር ሁሉንም ተቀብሎ ራሱ ያስተካክላል። ስልክ በ09 ብቻ ይጀምራል ብሎ የተሠራ ፎርም በ2022 ሳፋሪኮም በ07 ሥራ ሲጀምር በአንድ ቀን አርጅቷል።

የትውልድ ቀን ላይም እንዲሁ ነው። አሥራ ሦስት ወር የማይቆጥር የቀን መምረጫ ጳጉሜን ላይ የተወለደን ሰው በውሸት ቀን ያስመዘግበዋል። የተጠነቀቀው ፎርም ጳጉሜን 6ን እንኳ በዘመኑ ለይቶ ያውቃል፤ በ2015 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ይፈቅዳል፤ በ2016 ዓ.ም. ግን አምስት ላይ ያቆማል። የፈረንጁን ቀን አጠገቡ ጽፎ ስለሚያሳይም ሰውየው ከፓስፖርቱ ጋር ማመሳከር ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ ዓይኔን የሚስበው ግን ሰፈር መምረጫው ነው። ሰው ጥቂት ፊደል ሲጽፍ ፎርሙ ከበስተጀርባ ሰርቨሩን ጠይቆ የሚመስሉ ስሞችን ከሥር ይደረድራል። በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፅ በሚጻፍበት የአማርኛ ኪቦርድ "ለገሃር"ን እንጻፍ። መጀመሪያ "ል" ይወጣል፤ ቀጥሎ "ለ" ይሆናል፤ ከዚያ "ለግ"፣ "ለገ"፣ "ለገህ"፣ "ለገሃ"፣ በመጨረሻ "ለገሃር"። ፊደሉ አራት፣ ቃሉ ግን ሰባት መልክ አለው። ሦስቱ መልኮች ሰውየው ሊጽፍ ያላሰባቸው፣ አናባቢያቸውን የሚጠብቁ ናቸው። ችኩል ፎርም በሰባቱም ላይ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሰባቱ መልሶች ደግሞ በተጠየቁበት ቅደም ተከተል ላይመለሱ ይችላሉ። የ"ለግ" መልስ መንገድ ላይ ዘግይቶ ከ"ለገሃር" መልስ በኋላ ቢደርስ ትክክለኛውን ዝርዝር ገፍቶ ይቀመጣል። ሰውየው ለገሃር ብሎ ጽፎ ሌላ ሰፈር ሲቀርብለት ጥፋቱን በራሱ ያላክካል።

የጥሩ ሠሪ እጅ እዚህ ላይ ይለያል። ጣቱ እስኪያርፍ፣ የሰከንድ ሲሶ ያህል፣ ይታገሳል። አዲስ ጥያቄ ሲልክ የቀድሞውን ይሰርዛል። የመጣው መልስ ለመጨረሻው ጥያቄ ካልሆነ አይቀበለውም። ኪቦርዱ ፊደሉን ገና እየሠራ መሆኑን ብራውዘሩ ሲነግረውም ፊደሉ እስኪያልቅ አይነካካም። ሲፈልግ ደግሞ "ለገሃር"ን፣ "ለገሀር"ን እና "ለገሐር"ን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው በእነዚህ ፊደላት ላይ እንደማይስማማ ያውቃልና። የሰው ስም ላይ ሲደርስ ግን እጁን ይሰበስባል። ኃይሉ ስሙን በ"ኃ" ከጻፈ በ"ኃ" ይመዘገባል፤ ማንም በ"ሀ" ቢፈልገው ይገኛል። ለፍለጋ ማመሳሰል፣ ለመዝገብ እንደተጻፈ መተው፤ ሁለቱን ሳያምታቱ መያዝ ትልቅ ጨዋነት ነው።

ርዝመትም የራሱ ወጥመድ አለው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ብቻ። ስምን በ30 ባይት የገደበ ሰርቨር ለፈረንጁ 30 ፊደል ሰጥቶ ለእኛ 10 ብቻ ይተዋል። ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ቢጽፍ መጨረሻው ላይ ተቆርጦ፣ ምናልባትም የፊደል ስባሪ ሆኖ፣ በባዶ ሣጥን ምልክት ታትሞ ይመጣለታል። ማረጋገጫ የሚልከው አጭር የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ ነው፤ በላቲን ፊደል 160፣ በግዕዝ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል። "ማመልከቻዎ ገብቷል" ከነመለያ ቁጥሩ ከሰባው እንዳያልፍ ቃል የመረጠ ሰው የሁለት መልእክት ዋጋ በአንድ ይጨርሳል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንሂድ። ገባ ወይስ አልገባም?

ሰውየው "ላክ" ብሏል። "እየተላከ ነው" ይላል፤ ይላል፤ መልስ የለም። "ስታክ አደረገ" ይላል ፎርሙን የሚሞላው ልጅ። ሦስት ነገር ሆኖ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ከስልኩ አልወጣም ይሆናል። ወጥቶ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ወይም ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ ሲመለስ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ይሆናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስልኩ ላይ ለቆመ ሰው ፈጽሞ አይለዩም። ርካሹ ፎርም በሁሉም ላይ "ስህተት ተፈጥሯል፤ እንደገና ይሞክሩ" ይላል። ሰውየው ይሞክራል፤ ሁለት ማመልከቻ ይሆናል። ገንዘብ ከሆነ ሁለቴ ይቆረጣል። በስልክ ገንዘብ ልኮ መልእክቱ ሲዘገይበት ሂሳቡን ደጋግሞ ያየ ሰው ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። የዲቪው ደንብ ደግሞ ከአንድ በላይ ያስገባን ሰው ከዕጣው ስለሚያስወጣ፣ የማረጋገጫ ገጹን ሳያይ ኔትወርክ የሄደበት ሰው ዳግመኛ ከመጫኑ በፊት ብዙ ያስባል። ፎርሙን ለመሙላት የተሰጠው 60 ደቂቃም ሲያስብ ያልቃል።

የዚህ መፍትሔ ሲነገር አጭር ነው። ፎርሙ ገና ሲከፈት አንድ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። ማመልከቻው ሲላክ መለያው አብሮ ይሄዳል። ሰርቨሩ ያን መለያ ከዚህ በፊት ካየው እንደገና አይመዘግብም፤ ቀድሞ የሰጠውን መልስ መልሶ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው አሥር ጊዜ ቢጫን፣ ስልኩም በራሱ ደጋግሞ ቢልክ፣ ማመልከቻው አንድ ነው። ዛሬ ብዙ የክፍያ ሥርዓቶች ይህን ዘዴ ያውቁታል።

ጥበቡ ያለው መለያው በሚሰጥበት ጊዜ ላይ ነው። በተኑ በተጫነ ቁጥር መለያ የሚፈጥር ፎርም ምንም አልሠራም፤ ሁለት ጊዜ ሲጫን ሁለት መለያ፣ ሁለት ማመልከቻ ይሆናል። መለያው ከመጫኑ በፊት መኖር አለበት። ከተሞላው ረቂቅ ጋርም ስልኩ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ባትሪው ቢያልቅ፣ መብራት ቢሄድ፣ ማታ ቤት ሲከፈት ያው ማመልከቻ ከዚያው መለያ ጋር ይገኝ ዘንድ። ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ደግሞ ረቂቁ ሲላክ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ የቀጣዩ ደንበኛ ዓይን የቀዳሚውን የእናት ስም እንዳያይ። አንድ ሠሪ ለሁለቱም ካሰበ ሰፈሩን ያውቀዋል ማለት ነው።

መልስ ሲጠፋ ጥሩው ፎርም የሚጽፈው ይህን ነው። "መልስ አልደረሰንም። ማመልከቻዎ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ደግመው ቢልኩም ሁለት ጊዜ አይመዘገብም።" ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ አስተውሏቸው። የመጀመሪያው የሆነውን ይናገራል። ሁለተኛው ያልታወቀውን አልታወቀም ይላል። ሦስተኛው ፍርሃቱን ያነሳለታል። ሦስተኛውን ለመጻፍ መብት የሚያገኘው መለያውን በትክክል የሠራ ብቻ ነው፤ ሌላው ቢጽፈው ይዋሻል። እንዲህ ያለ ኮድ ጀርባው ላይ የቆመ ጽሑፍ ሳነብ ደስ ይለኛል።

የቀረ አንድ ዕዳ አለ። ይህ ሁሉ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የብራውዘር ኮድ የሚሠራ ነው፤ ጃቫስክሪፕቱ ባይደርስስ? ደካማ ኔትወርክ ላይ ገጹ መጥቶ ኮዱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ዳታ ለመቆጠብ በኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ሰው አለ፤ እሱ ዘንድ ገጹ መጀመሪያ በኦፔራ ሰርቨር ተጨምቆ ስለሚመጣ ብዙ ኮድ እንደታሰበው አይሠራም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ መጀመሪያ ያለምንም ኮድ የሚሠራ ተራ ፎርም ያቆማል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ከበስተጀርባ መላኩን ያክላል። ኮዱ ቢቀር ፎርሙ ወደ 1995ቱ አካሄድ ይመለሳል፤ ገጹ ይቀየራል፣ ማመልከቻው ግን ይገባል። እዚያም ቢሆን ሰርቨሩ ተቀብሎ ሲጨርስ ብራውዘሩን ወደ ሌላ አድራሻ ይልከዋል፤ ሰውየው ገጹን ቢያድስ ፎርሙ ዳግም እንዳይላክ። ብዙዎች ይህን ክፍል "ማን ያየዋል" ብለው ይዘሉታል።

ማን ያየዋል ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ለማየት ኮድ ማንበብ አያስፈልግም። ፎርሙን ሞልቶ፣ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጎ "ላክ" ማለት ነው፤ ምን ይላል? የጻፍኩት አለ? ኔትወርኩን መልሶ በፍጥነት ሁለቴ መጫን ነው፤ ስንት ማመልከቻ ገባ? ስምን በ"ኃ" ጽፎ በ"ሀ" መፈለግ ነው። ከስልክ ቁጥር አንድ አሃዝ አጉድሎ ፎርሙ የሚናገረውን መስማት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሙያተኛውንና ለብ ለቡን ግን ይለያል።

የድረ ገጽ ጨረታ ሰነድ ብዙ ጊዜ የገጾችን ብዛት፣ የሎጎውን ቦታና የቀለሙን ዓይነት በዝርዝር ይጽፋል። መልስ ሲጠፋ ፎርሙ ምን እንደሚል አይጠይቅም፤ ስላልተጠየቀም አይከፈልበትም፤ ስላልተከፈለበትም ይዘለላል። ፎርም የሚያሠራ መሥሪያ ቤት እነዚህን ፈተናዎች ሰነዱ ላይ ያስፍር፤ ርክክቡን የሚፈርመው ኃላፊም ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት በገዛ ስልኩ ይሞክራቸው። መልስ በጠፋ ጊዜ እውነቱን የተናገረ ፎርም ከሆነ ይፈርም፤ ለሠራውም ሰው ዋጋውን ሳያጎድል ይክፈለው።